መስኮቶቹ ሲበዙ

«ፍሬን! እማማ፣ ፍሬን ይርገጡ!»

እማማ የረገጡት ነዳጁን ነበር። መኪናዋ እመር ብላ ወደ ፊት ስትወረወር አስተማሪው በእሱ በኩል ያለውን ትርፍ ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። ከፊታቸው ከቆመው የዳቦ መኪና ጋር ሊላተሙ ስንዝር ሲቀራቸው ቀጥ አሉ። ከኋላቸው የነበረ ሾፌር ክላክሱን አንባረቀው።

«ቆምኩ፤» አሉ እማማ በረጅሙ ተንፍሰው። «አየህ? በሰዓቱ ቆምኩ።»

«ያቆምኩት እኔ ነኝ እማማ።»

«ያው ነው። አንድ መኪና ውስጥ አይደል ያለነው?»

ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ። እማማ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ልጅ ሲቀበሉ ኖረው፣ አሁን የራሳቸው ልጆች «ዛሬ አይመቸንም» እያሉ ወዳጆቻቸው ቤት አናደርስም ቢሏቸው ጊዜ መንጃ ፈቃድ ካላወጣሁ ብለው ተነስተዋል። የማሰልጠኛው ሌሎች አስተማሪዎች አንድ ሁለት ቀን ይዘዋቸው ከዞሩ በኋላ በዘዴ ወደ እሱ ገፏቸው። እሱ በትዕግሥቱ የታወቀ ነው። «ፍሬን» ከሚለው ቃል ሌላ ጮክ ብሎ ሲናገር የሰማው የለም ይሉታል።

ማርሹን ባዶ አድርገው እንዲያስነሱ እየነገራቸው ሳለ ስልኩ ጠራ። የሴት ድምፅ ነበር።

«ከልጅዎ ትምህርት ቤት ነው፣ ከኮምፒውተር ልምምዱ ክፍል። ልጅዎ ደህና ናት፣ አይደንግጡ። ግን ቢመጡ ጥሩ ነው። ጠረጴዛ ስር ገብታ አልወጣም ብላለች።»

«ምን ሆና?»

«ሶኬቱን ነቅላ። የራሷን ብቻ ቢሆን ግድ የለኝም ነበር። የነቀለችው የክፍሉን በሙሉ ነው።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ እማማ ዞረ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ ጋ መድረስ አለብኝ።»

«ምን ቆርጦህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀኝ? ና መሪውን ያዝ። እኔን ግን መንገድ ላይ እንዳታወርደኝ፤ ሰዓቴ ገና ነው።»

ቦታ ተቀያየሩና ወደ ትምህርት ቤቱ አቀና።

ልጁ ሦስተኛ ክፍል ናት። «ፌንጣ» ያላት እሱ ራሱ ነው፤ መራመድ ሳትለምድ መዝለል ስለጀመረች። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈር፣ ከሰፈር ወጥቶ ትምህርት ቤት ገባ። ደብተር ከፍታ ስትቀመጥ አንድ መስመር ትጽፍና በመስኮቱ በኩል ካለፈው ነገር ሁሉ ጋር አብራ ትሄዳለች። ካልሲ አድርጊ ተብላ መኝታ ቤት ገብታ ትቀርና፣ ቤተሰቡ በር ላይ ሲጠብቅ፣ በአንድ እግሯ ብቻ ካልሲ አጥልቃ አልጋ ስር የጠፋ ቁልፍ ስትፈልግ ትገኛለች። የክፍል መምህሯ ባለፈው ዓመት «ክፉም አይደለችም፣ ሰነፍም አይደለችም፤ ብቻ እዚህ የለችም» ስትል እናቷ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙም ትኩረት የመሰብሰብ ችግር እንዳለባት ነገራቸው።

የኮምፒውተር ልምምዱን አፈላልጋ ያገኘችው እናቷ ናት። እሷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜም አይቀርላትም። ትምህርት ቤቱ ለጥቂት ልጆች ቅዳሜ ጠዋት የትኩረት ልምምድ ሊጀምር መሆኑን ስትሰማ ለምሳ በሚሰጣት ሰዓት እየተመላለሰች፣ ርዕሰ መምህሩን እስኪሰለቻቸው ድረስ ለምና ለፌንጣ ቦታ አስገኘችላት። አባትየው ግን ልቡ አልገባበትም። «ልጅ ናት፣ ስታድግ ትረጋለች» ብሎ አንድ ሁለቴ ተከራከረና ሚስቱ ዝም ብላ ስታየው ተወው። አሁን መሪውን ይዞ እየነዳ፣ ስለ ሶኬቱ ሲሰማ ከድንጋጤው ቀድሞ ምን እንደተሰማው አስታወሰ። እፎይታ ነበር። አበቃ፣ ተገላገልን ብሎ ነበር። በዚህ ሐሳቡ አፈረ።

የልምምዱ ክፍል በትምህርት ቤቱ መጨረሻ ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሌሎቹ ልጆች ኮምፒውተሮቹ እንደገና እስኪከፈቱ ድረስ ሜዳው ላይ ኳስ እየተራገጡ ነበር። ስልክ የደወለችለት ባለሙያ፣ ገና ወጣት ናት፣ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ከአንድ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። ሲገባ ጣቷን ወደ ታች ቀሰረችለት።

ጎንበስ ሲል መጀመሪያ የታየው ያልታሰረ የጫማ ክር ነው።

«ፌንጣ፣ ነይ ውጪ።»

«አልወጣም።»

«ተማሪ መኪና ውስጥ ትቼ ነው የመጣሁት።»

«ሂዳ ታዲያ።»

«የሰው ኮምፒውተር ታጠፊያለሽ እንዴ? እናትሽ ይህን ቦታ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናች ታውቂያለሽ?»

ክሩ ያልታሰረው እግር ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። ቆይቶ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ይጠላኛል።»

«ማነው የሚጠላሽ?»

«ኮምፒውተሩ። ልክ ስሆን ያከብድብኛል። መጀመሪያ ሦስት መስኮት ነበር፣ ቻልኩት። አራት አደረገው፣ እሱንም ቻልኩት። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ስድስት! ባልችል ኖሮ እኮ ሦስት ላይ ይተወኝ ነበር። እሱ የሚቀጣው ጎበዝ የሆነውን ነው።»

አባት ቀና ብሎ ባለሙያዋን አያት። እሷም ተነስታ ወደ በሩ ጠጋ አደረገችውና በለሆሳስ አስረዳችው። ስክሪኑ ላይ ትልቅ ፎቅ ይታያል፤ መስኮቶቹ በየተራ በርተው ይጠፋሉ። ልጁ ያያቸውን መስኮቶች በአእምሮው ይዞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተመለሰ ይነካቸዋል። ከቻለ አንድ መስኮት ይጨመራል።

«ሁልጊዜ ከሚችሉት ትንሽ ከፍ ይላል፤» አለችው። «ካልከበዳቸው ልምምድ አይሆንም።»

«ይህን ነግረዋታል?»

«በየሳምንቱ እነግራታለሁ። እሷ ደግሞ "ታዲያ ለምን ብዬ እችላለሁ?" ትለኛለች። ምን ልበላት?»

«እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይጠቅማታል?»

ባለሙያዋ ወደ ጠረጴዛው ስር አየች። «ጨዋታው ላይ በደንብ ተሻሽላለች። ክፍል ውስጥ ግን... አንዳንዱ ልጅ ላይ ይታያል፣ አንዳንዱ ላይ አይታይም። መምህሯን ጠይቄ ነበር፣ እስካሁን ለውጥ አላየሁም ብላኛለች። ተአምር ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ለመሞከር ግን የሚያበቃ ነገር አይቼባታለሁ።» ከዚያ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «ካልፈለገች አስገድጄ አላስቀምጣትም። ወረፋ የሚጠብቁ ልጆችም አሉ። ከእናቷ ጋር ተማከሩና ዛሬውኑ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።»

«ትቅር» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሊናገረው አፉን ሲከፍት ከጀርባው የእማማ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ! በፀሐይ ጠብሰህ ልታስቀረኝ ነው?»

በሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ቦርሳቸው ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የሁለቱን ፊት አዩ፣ ከዚያ የጠረጴዛውን ስር አዩ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ።

«እዚያ ውስጥ ማን አለ?»

«እኔ ነኝ። እርስዎ ማን ነዎት?»

«ተማሪ ነኝ።»

«ትልቅ ሰው ነዎት እኮ!»

«ብሆንስ? የአባትሽ ተማሪ ነኝ። ዛሬ ጠዋት የዳቦ መኪና ልገጭ ነበር።»

የጠረጴዛው ጨርቅ ተገለጠና የተንጨባረረ ጸጉር ብቅ አለ። «እውነት? ዳቦው ተበተነ?»

«አባትሽ የት ያስበትናል! ያዘብኝ።»

«ያሳዝናል፤» አለች ፌንጣ ከልቧ። ሙሉ በሙሉ ከጠረጴዛው ስር የወጣችው ያኔ ነው።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና የማያልፍበት መንገድ አለ። መጀመሪያ ሜዳ ነው፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለ ዳገት ይመጣል፣ እሱም ከመታጠፊያው በኋላ ሽቅብ ቀጥ ይላል። አባት የእማማን ሰዓት እዚያው ሊጨርስላቸው ወሰነ። ኮምፒውተሮቹ ተከፍተው ሌሎቹ ልጆች ልምምዳቸውን ቢጀምሩም የሚጠብቃቸው ረዳት ስለነበረ፣ ባለሙያዋ ከፌንጣ ጋር ወጣች። ሁለቱ የአጥሩ ግንብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዙ ጀመር።

ሜዳው ላይ እማማ ተዋጣላቸው። አስነሱ፣ ሄዱ፣ ፍሬቻ አሳዩ፣ ጥግ ይዘው ቆሙ። ስፖኪዮውንም ሳይነገራቸው አዩ። ፌንጣ ከግንቡ ላይ ጮቤ ረገጠች። እማማ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው እንደ ባለሥልጣን ሰላምታ ሰጧት።

«ሁለቱም እጅ መሪ ላይ እማማ። አሁን ወደ ዳገቱ።»

ዳገቱ መሐል አቁመው እንደገና እንዲያስነሱ ነገራቸው። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቁት፤ መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ጠፋች። ወደ ኋላ ልትንሸራተት ስትል ያዛት።

«ጠፋብኝ።»

«ይጥፋ። ምንም አልሆነም። የእጅ ፍሬኑን ይያዙና እንደገና።»

እንደገና ጠፋ። እማማ ለመኪናዋ አንድ የማይጻፍ ነገር አሏት። በሦስተኛው ሞተሩ ሲከብደው ሰሙት፣ ፍሪሲዮኑን በልኩ ይዘው ቆዩ፣ መኪናዋም ቀስ ብላ ወጣች። ፌንጣ መጮህ ጀመረች። እማማም በደስታ መሪውን በመዳፋቸው መቱት።

«በጣም ጥሩ፤» አለ አባት። «አሁን ከመታጠፊያው ወዲያ እንሂድ። ቀጥ ያለው ጋ።»

ፌንጣ ከግንቡ ዘላ ወረደችና ወደ መኪናዋ ሮጠች። «አባዬ! ቻሉት እኮ! ለምን ደግሞ ትልቁ ጋ ትወስዳቸዋለህ?»

«ስለቻሉት ነዋ፤» አላት ሳያስብ።

ልጁ ፊቷን አጨማዳ በመስኮቱ በኩል ታየዋለች።

«ደግ ጠየቅሽልኝ የኔ ልጅ፤» አሉ እማማ። «እኔም ልጠይቀው ነበር።»

ሁለቱም የሚጠብቁት እሱን ነበር። ራሱን አከከ። «ይህችን ትንሿን ብቻ ደጋግመን ብንወጣ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እማማ የወዳጃቸው ቤት ያለበትን ዳገት የሚወጡት እንዴት ነው? እኔ እኮ ሁልጊዜ አጠገባቸው አልኖርም።»

ፌንጣ በእግሯ ጠጠር እየነዳች ወደ መታጠፊያው ተከተለቻቸው፤ ባለሙያዋም ከኋላዋ መጣች።

ቀጥ ያለው ዳገት እምቢ አለ። እማማ ሞከሩ፣ ጠፋ፤ ሞከሩ፣ ጠፋ። ግንባራቸው ላብ አወጣ። «ለዛሬ ይበቃዎታል፤» አላቸውና መኪናዋን ይዞ ወደ ለስላሳው ዳገት መለሳቸው። እዚያ በመጀመሪያው ሙከራ አስነስተው እየሳቁ ወጡ።

ፌንጣ መጥታ የመኪናውን በር ያዘች። ስታስብ እንደምታደርገው አፏን ወደ አንድ ጎን አጣማለች።

«አባዬ፣ ሲያቅታቸው አወረድካቸው።»

«አዎ፣ አወረድኳቸው።»

«ኮምፒውተሩ ግን አያወርድም። ማክበድ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ያወርዳል እኮ፤» አለች ባለሙያዋ ከኋላ።

«አያወርድም!»

«ያወርዳል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካቃተሽ ራሱ ይቀንሳል። አንቺ አይተሽው አታውቂም፤ አንድ ጊዜ ሲያቅትሽ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቀሽ ትነሻለሽ...» ባለሙያዋ ንግግሯን አቋረጠችና ግንባሯን ያዘች። «ወይ ጉድ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። ሁልጊዜ እንደሚከብድ ብቻ ነው የነገርኩሽ።»

«ውሸትሽን ነው።»

«ነይ እንየዋ።»

ፌንጣ አንዴ ባለሙያዋን፣ አንዴ አባቷን አየች። «አባዬም ይምጣ። ግን "አይዞሽ" እንዳትለኝ። አይዞሽ ስትለኝ መስኮቶቹ ይጠፉብኛል።»

«አልልም።»

«"ጎበዝ"ም አትበለኝ።»

«ዝም እላለሁ።»

«እኔን እዚሁ ተዉኝ፤» አሉ እማማ የመኪናውን በር ከፍተው እግራቸውን ወደ ውጭ እየዘረጉ። «ትንሽ አየር ልቀበል። ቁልፉን ግን ይዘህ ሂድ፣ ራሴን አላምነውም።»

ክፍሉ ውስጥ ሌሎቹ ልጆች ጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው ስክሪናቸው ላይ አፍጥጠው ነበር። አባት ለልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ተጣጥፎ ከፌንጣ አጠገብ ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ምንም አልቀረውም። ፎቁ መጣ። መስኮቶቹ በሩ፣ ጠፉ። የልጁ ጣት ከኋላ ወደ ፊት እየተመለሰ ነካካቸው። ሦስት፣ ትክክል። አራት፣ ትክክል። አምስት ላይ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች፤ ትክክል። እሱም በሆዱ አብሯት ሊቆጥር ሞክሮ አራተኛው ላይ ጠፍቶበታል። ጣቷ የት እንደሚሄድ እያየ ይህን ሁሉ ከየት ታመጣዋለች ብሎ ተገረመ።

መሐል ላይ አንድ ዝንብ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ፌንጣ ዓይኗ ዝንቡን ተከትሎ እስከ ጣሪያው ሄደ፤ አንድ ዙር መስኮት በርቶ አለፋት። አባት ሊነካት እጁን አነሳና መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። እሷ ራሷ ተመለሰች።

ስድስት መስኮት መጣ። ተሳሳተች። ስክሪኑ ላይ የስህተቱ ምልክት ሲመጣ እጇ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ተነሳ። የአባቷ አፍ ተከፈተ፣ «አይ» ብሎ ሊጀምር ነበር፤ ጥርሱን ገጠመ። እጇ አየር ላይ ጥቂት ቆየና ወረደ። እንደገና ስድስት። አሁንም ተሳሳተች። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ግን አልተነሳችም።

ፎቁ ጠፍቶ ተመልሶ መጣ። አንድ መስኮት በራ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። ቆመ።

ፌንጣ ዞረች። «ወረደ!»

አባት ዝም።

«አባዬ፣ ወረደ እኮ! አምስት አደረገልኝ! ቲቸር፣ ወረደ!»

«አላልኩሽም?» አለች ባለሙያዋ ከወዲያ ማዶ።

«ኧረ መስኮቶቹ! ረሳኋቸው!» ፌንጣ ወደ ስክሪኑ ተመለሰችና ዝም ብላ ዓይኗ ፊት የመጣውን ሁሉ ነካካች። አምስቱም ስህተት ሆኑ። ሳቀች። አጠገቧ ያለው ልጅ ማዳመጫውን አንስቶ እስኪያያት ድረስ ሳቀች። «አራት ሊያደርገው ነው መሰለኝ። እንየው፣ እንየው።»

ሰዓቱ አልቆ ሲወጡ ባለሙያዋ በሩ ላይ አባትየውን ጠበቀችው። ጥያቄው ፊቷ ላይ ነበር። እሱ ወደ ልጁ ዞረ።

«ፌንጣ፣ ቲቸር ከእንግዲህ ልምምዱ ላይ ትመጪ እንደሆነ እየጠየቀች ነው።»

ፌንጣ የጫማዋን ክር ለማሰር ተቀምጣ ክሩን ረስታ ስለ ሌላ ነገር ስታስብ ነበር። ቀና አለች። «የሚመጣው ቅዳሜ ሶኬቱ አጠገብ አታስቀምጪኝ።»

ባለሙያዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እሺ። ከሶኬቱ በጣም አርቄ አስቀምጥሻለሁ።»

ግቢው ውስጥ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ስልኩ ጠራ። ሚስቱ ናት። ከጀርባዋ የመድኃኒት ቤቱ ጫጫታ ይሰማል።

«እንዴት ሆነች ዛሬ? ስንት ደረሰች?»

ሁልጊዜ የምትጠይቀው ይህንን ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ቁጥሯን ነግሯት ይዘጋል። ዛሬም ቁጥሩን ያውቀዋል። ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ለልጁ ሰጣት። «እሷው ትንገርሽ።»

ፌንጣ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «እማዬ! እማዬ፣ ከጠረጴዛው ስር ስንት ማስቲካ እንደተለጠፈ ታውቂያለሽ? አንዱ ሰማያዊ ነው። አንዱ ደግሞ ጥርስ አለበት፣ ማለቴ የጥርስ ምልክት። ትልቅ ሰው ነው የበላው መሰለኝ፣ ቲቸር ትሆን እንዴ? ከዚያ ደግሞ ከሥሩ ስም ተጽፏል፣ ግን ተገልብጦ፣ ስለዚህ በጀርባዬ ተኝቼ...»

ሌላ ቀን ቢሆን «ወደ ቁም ነገሩ ግቢ» ይላት ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠና የጫማዋን ክር ያስርላት ጀመር። ስልኩ ልጁ ጆሮ ላይ ጢጥ፣ ጢጥ አለ። እጇን አርቃ ስክሪኑን አየች።

«አባዬ፣ ሌላ ሰው እየደወለልህ ነው። ቀጣዩ ተማሪህ መሰለኝ። ልዝጋው?»

«አትዝጊው፤ ይጠብቃል፤» አላት ሁለተኛውን ክር እያጠበቀ። «የማስቲካውን ጨርሺላት።»